መጣሁ ብሎ የሚሄደው ፀጉር አስተካካይ

መታወቂያው ላይ ያለው ስሙ ሌላ ነው። ያንን ስም እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታውቀው ነበር፤ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍልም ያውቀዋል። በተረፈ ሰፈሩ በሙሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ «ጋሽ መጣሁ» ነው የሚለው። ፀጉር አስተካካይ ነው። ቤቱ ጠባብ ናት፦ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ተራ ለሚጠብቁ አንድ አግዳሚ፣ ከመስታወቱ ጎን ደግሞ ወደ ጓሮ የምታስወጣ በር። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያች በር ነው።

እንደምታውቁት እኛ ስንሄድ «መጣሁ» እንላለን። ገና እግራችን ሳይነሳ መመለሳችንን እናወራለን። እሱ ግን ይቺን ቃል በቀን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ይላት ነበር። የአንዱን ሰው ግራ ጎን በማሽን አንስቶ፣ ቀኙ እንደ ጎፈረ፣ ድንገት ማሽኑን ያጠፋና «መጣሁ» ብሎ በጓሮ በር ሽው ይላል። ደንበኛው ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ከግማሽ ጭንቅላቱ ጋር በመስታወት ይፋጠጣል። አንዴ አንድ ሙሽራ እንደዚያ ተቀምጦ ሚዜዎቹ በር ላይ ጥሩምባ ሲነፉበት ነበር። ስሙም በዚያው ቀን ወጣለት፣ በዚያው ጸና።

በሽታው የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው። ያስቀምጠዋል፣ ደም አለው፣ ሲመጣ ቀጠሮ አይሰጥም። ሰው ስለ ወገቡ ያወራል፣ ስለ ጥርሱ ያወራል፤ ስለዚህ ግን ማን አፉን ሞልቶ ያወራል? እሱም «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም አለ። ሆዱ ግን የፈጀው ምስጢሩን ሳይሆን እሱን ራሱን ሆነ። ሱሪው በገመድ እስኪታሰር ከሳ። በመጨረሻ ባለቤቱ ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችው፤ ተኛ፤ ቤቱ አራት ወር ተዘጋ። የምታክመው ዶክተር ልጅ እግር ናት፣ ግን ነገር አትሸፋፍንም። «አሁን በመድኃኒት ይዘነዋል፤ እንዲህ ሆኖ ደግሞ ከተመለሰ ግን አንጀቱን በቀዶ ጥገና ስለማውጣት ልንነጋገር ነው» አለችው። ይቺን ንግግር እሱም ባለቤቱም አልረሷትም።

መድኃኒቱ ያዘለት። ሰውዬው ሰው መሰለ። ከጠዋት እስከ ማታ ሳይወጣ መቁረጥ ጀመረ፣ ደንበኞቹም ግራ ገባቸው። አንዱማ «ጋሼ፣ ዛሬ መጣሁ የለም እንዴ? ሻይ ልጠጣበት አስቤ ነበር» አለው።

እንዲህ ሁለት ዓመት ሲሞላው ኪኒኑ መረረው። ኪኒኑ ብቻ አይደለም፤ በየወሩ ክንዱን ዘርግቶ ደም መስጠቱ፣ ከሕመምተኛ ጋር ተሰልፎ መቀመጡ ሰለቸው። እንግዲህ ደኅና ሰው ነኝ፣ ይበቃኛል አለ በልቡ። ዶክተሯን ሲጠይቃት «መጀመሪያ ገብተን እንይ» አለችው። ካሜራው በየት እንደሚገባ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ሲነቃ ዶክተሯን ፈገግ ብላ አገኛት።

«ደስ ይላል፤ በካሜራ ሲታይ ቁስሉ ድኗል» አለችው። «ከተለያየ ቦታ ትንንሽ ናሙና ቆንጥሬያለሁ። የባዮፕሲው፣ የናሙናው ምርመራ፣ ውጤት እስኪመጣ መድኃኒቱን እንዳያቆሙ።»

«ካሜራው አይቶ የለም እንዴ ዶክተር? ምን ቀረ?»

«ካሜራው ላዩን ነው የሚያየው» አለችው።

በሁለት ሳምንቱ ውጤቱ መጣ። ዶክተሯ ወረቀቱን ሁለቴ አንብባ ቀና አለች። «በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቁጣው አልበረደም። ነጭ የደም ሴሎች አሁንም የአንጀትዎ እጢዎች ውስጥ ገብተው ይታያሉ። ለዚህ ብዬ ሌላ መድኃኒት አልጨምርብዎትም፣ ምልክትም የለዎትም። ግን ያቁሙ ብዬ አልፈርድም። እንዲህ እያለ ሲያቆሙት የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ዓመት እንጠብቅና ደግመን እንይ።»

አንጀቱ እርር አለ። እንደዚያ አርሮ በመጣበት ቀን ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ? ዝምተኛው።

ዝምተኛው በየሦስት ሳምንቱ ቅዳሜ የሚመጣ፣ አርባዎቹን የጀመረ ደንበኛ ነው። ለብዙ ዓመት ከአፉ የወጣው «አሳጥሩልኝ» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው። በዚያ በክፉ ጊዜ ስንቴ ግማሽ ጭንቅላቱን ይዞ ጠብቋል፤ አንድ ቀን ሰዓቱን እንኳ አላየም። ጋሽ መጣሁ ስለሱ የሚያውቀው ጭንቅላቱን ነው፦ ፀጉሩ አናቱ ላይ ሁለት ቦታ ይዞራል፣ ከግራ ጆሮው ኋላ ጠባሳ አለ፣ ማጅራቱ ደግሞ እንደ ገመድ የደረቀ ነው። ሁልጊዜ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገለት «ይሄ ሰው ምን ተሸክሞ ይውላል?» ይላል ለራሱ።

ያን ዕለት ግን ለማጅራቱም አላዘነ። መቀሱን እያንቀጫቀጨ ብሶቱን ዘረገፈው። «ሆስፒታሉ ምድር ቤት የተቀመጠ አንድ ሰው አለልህ ወንድሜ፤ መልኬን አይቶ የማያውቅ! ጥፍር የማታክል ቁራጭ ሥጋዬን በመነጽር አየና አልዳነም ብሎ ጻፈብኝ። ሆዱ የኔ ነው የሱ? ማን ይወቅ? ነገ ኪኒኑን ሽንት ቤት ነው የምጨምረው።»

ዝምተኛው በመስታወቱ ውስጥ አየው። «ጋሽ መጣሁ፣ አይጨምሩት» አለ።

መቀሱ ቆመ። አግዳሚው ላይ የነበሩትም ቀና አሉ።

«ያ ሰውዬ ያየውን ነው የጻፈው። አመዱ ቀዝቅዟል፣ ከሥሩ ግን ረመጥ አለ ነው የሚልዎት። እኔ ብሆን ረመጥ ላይ አልተኛም።»

«አንተ ደግሞ ስለ አንጀት ምን ታውቃለህ?»

«ትንሽ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ወሬው በዚህ አለቀ።

አሳመነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ግን ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ሁለት ቃል ብቻ ሲናገር ኖሮ አንድ ቀን ላንተ ብሎ አፉን ከከፈተ፣ ዝም ብለህ አትጥለውም። ማታ ለባለቤቱ ነገራት። «ዝምተኛው ተናገረ?» አለችና ኪኒኑን ከነውኃው ፊቱ አስቀመጠች። «እንግዲያው ትውጣታለህ።» ዋጣት። ዓመቱን ሙሉ እያጉረመረመ ዋጣት።

ዓመቱ ሲሞላ ካሜራው ደግሞ ገባ፣ ናሙናው ደግሞ ተቆነጠረ። በቀጠሮው ቀን ዶክተሯ ዘንድ ቀረበ። ባለቤቱ ኮሪደር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። የዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ ግን ውጤት የለም። «ተጽፏል ብለውኛል፣ እዚህ ግን አልደረሰም። እባክዎ ምድር ቤት ወርደው ይዘውልኝ ይምጡ» አለችው።

ደረጃውን ወረደ። ታች አየሩ የመድኃኒት ሽታ አለው። በመስኮቱ የተቀመጠችው ጸሐፊ ወረቀቱን አገላብጣ አንድ ስም ጠራች። ደግማ ጠራች። ለካ የሱ ስም ነው! ጆሮው ዛሬም አልለመደውም። «አቤት» ብሎ ጠጋ ሲል ከጸሐፊዋ ኋላ በሩ ገርበብ ያለ ክፍል አየ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ማይክሮስኮፕ ላይ ደፋ ብሏል። ፀጉሩ አናቱ ላይ ሁለት ቦታ ይዞራል። ከግራ ጆሮው ኋላ ጠባሳ አለ። ማጅራቱ ተወጥሮ ቆሟል።

ፀጉር አስተካካይ ሰውን ከፊቱ ይልቅ በኋላው ነው የሚያውቀው። ጋሽ መጣሁ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ።

«ዶክተር፣ የዚህ ናሙና ባለቤት መጥተዋል» አለች ጸሐፊዋ። ሰውዬው ዞረ። «ጋሽ መጣሁ?» አለ። ወረቀቱን ተቀብሎ ስሙን አነበበ፣ ቀና ብሎ ፊቱን አየ፣ ደግሞ ስሙን አነበበ። «ይሄ እርስዎ ነዎት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ያ... ምድር ቤት የተቀመጠ፣ መልኬን የማያውቅ ያልኩት...»

«መልክዎንማ በየሦስት ሳምንቱ አየዋለሁ» አለ ዝምተኛው። «ስምዎን ነበር የማላውቀው። ባውቅማ ያን ቀን አፌንም አልከፍት ነበር፤ የበሽተኛ ነገር በወንበር ላይ አይወራም።» ሳቀ። ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ አስገባው። ጣት የሚያህሉ ሁለት ስስ መስታወቶች አወጣ፣ የዓምናውንና የዘንድሮውን፤ ቁራጯ ሥጋ ከወረቀት ቀጥና መስታወቱ ላይ ተለጥፋለች። ጋሽ መጣሁ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለ። በሮዝና በወይን ጠጅ ቀለም የተነከረ ነገር አየ። «የዓምናው ይሄ ነው። እጢዎቹ መሀል ያሉትን ጥቋቁር ነጠብጣቦች ያዩዋቸዋል? እነሱ ናቸው ያልተኙት።» መስታወቱን ቀየረ። እጢዎቹ ተደርድረው፣ መሀላቸው ጸድቶ ታየ። «የዘንድሮው ይሄ ነው። ረመጡም ጠፍቷል ጋሽ መጣሁ።»

ሆደ ባሻ አልነበረም፤ ያን ቀን ሆነ። እንባው ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳይንጠባጠብ ብሎ ቀና አለና በእጁ ጀርባ ጠረገው። ለደቂቃ ያህል ጎንበስ ብሎ ማጅራቱን አመመው፤ ይሄ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ አንገቱን ደፍቶ የማንን ሥጋ እንደሚያይ ሳያውቅ ያያል። «እግዜር ይስጥልኝ» አለው። ላይ ወጥቶ ለዶክተሯም ያንኑ አላት። እሷም ውጤቱን አንብባ «አሁን ቀስ እያልን ስለመቀነስ እናወራለን» አለችው። ኮሪደር ላይ ባለቤቱ ፊቱን ስታይ ሳትጠይቅ ገባት። «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» አለች፤ ከዚያ አለቀሰች።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ዝምተኛው መጣ። ቤቱ ሞልቷል። ጋሽ መጣሁ ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሮ ማጅራቱ ላይ አኖረለት፣ እንደ ልጁ አሸው፣ ከዚያ ማሽኑን አነሳ። ግራ ጎኑን ጨርሶ ወደ ቀኙ ሲዞር የሰውዬው ስልክ ጮኸ። አዳመጠና ተነሳ። «ቀዶ ጥገና ላይ ያለ ሰው አለ፤ ከሰውነቱ የወሰዱትን አይቼ መልስ እስክሰጥ እየጠበቁኝ ነው» አለ። ጨርቁን ከአንገቱ ፈታ። በር ላይ ደርሶ ዞረ፣ ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ጎፍሮ።

«መጣሁ» አለና ሄደ።

አግዳሚው ላይ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። ጋሽ መጣሁ አልሳቀም። ማሽኑን አጠፋ፣ ጨርቁን አራግፎ ወንበሩ ክንድ ላይ አጠፈው፣ አጠገቡ ቆመ። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ባለተራው ተነስቶ ሊቀመጥ ሲል በእጁ አገደው።

«ኧረ ጋሼ፣ ባዶ ነው እኮ!»

«ሰው አለበት» አለ።