ሐኪሙ ይወስን

ባልሽ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ ተማሪ ነው እላለሁ። ጠያቂው መጀመሪያ ፊቴን ያያል፣ ቀጥሎ ሽበቴን ያያል፣ ከዚያ በስተርጅና ልጅ እግር ባል ያገባሁ መስሎት ዝም ይላል። እኔም አላርመውም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ ስለ እኔ የሚያማው ነገር ካገኘ ደጋግሞ ይመጣል።

እውነቱን ለመናገር ያው የድሮው ባሌ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ጤና ጣቢያ ረዳት ሐኪም ሆኖ ሠርቷል። ቁስል ሰፍቷል፣ ልጅ አዋልዷል፣ ስንቱን ሕመምተኛ አገላብጦ መርምሯል። የመጨረሻዋን ቃል ግን ተናግሮ አያውቅም። እሷን የሚናገረው ሐኪሙ ነበር፤ ሐኪሙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ ባሌ ሁሉን ነገር አሰናድቶ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና "እንግዲህ ሐኪሙ ይወስን" ብሎ እጁን ይታጠባል። ሐኪሙ ሲመጣ ቆሞ ይፈርማል። በዚህ ዓይነት ሁለቱም ተፋቅረው ኖሩ።

ልጃችን ሕክምና ትምህርት ቤት ስትገባ መጻሕፍቷን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ትቆልል ጀመር። እሷ ስትተኛ እሱ ያነባል። እኔም መብራቱን አጥፋ እላለሁ። እንዲህ ሆኖ ከረመና ትምህርት ቤቱ የሥራ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ሊቀበል ነው ተባለ። ማመልከቻውን የሞላችው ልጃችን ናት፣ ሄጄ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እሱ የተነሣው ፎቶግራፉን ብቻ ነው። የመግቢያ ፈተናውን ሲያልፍ ከሁላችንም በላይ የደነገጠው ራሱ ነበር። ሥራውን ለቀቀ፣ በቦታው ወዲያው ሌላ ሰው ተቀጠረ። የመመለሻው በር ተዘጋ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ መምህሩ መስሏቸው በሙሉ ብድግ አሉ። እሱ ደግሞ ማን መጣ ብሎ ዞር ብሎ ወደ ኋላው አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጋሼ ሆነ። መምህራኑም ጋሼ አሉት፤ አንዱ መምህርማ ሌላውን ተማሪ ሁሉ አንተ አንቺ እያለ ይቆይና እሱ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እርስዎስ ምን ይላሉ?" ይላል። ልጃችን በአንድ ዓመት ትበልጠው ስለነበር በሆስፒታሉ ኮሪደር ይገናኛሉ። በሕመምተኞች ፊት የኔ እናት እያልክ እንዳትጠራኝ ብላ አስማለችው። ማለ። በማግስቱ "ዶክተር የኔ እናት" ብሎ ጠራት።

ቤታችንም የመማሪያ ክፍል ሆኖ አረፈው። የልብስ መቁረጫ ወረቀቶቼ ላይ የነርቭ ሥዕል ተሣለባቸው፤ እኔም ሳላውቅ በአንዱ እጅጌ ቆረጥኩበት። ደንበኞቼን ሳይቀር መለማመጃ አደረጋቸው። ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ሴት በስንት ትራስ እንደምትተኛና ሽንቷ ምን እንደሚመስል ተጠይቃ ወጣች። ቀሚሷን ለመውሰድ እስካሁን አልተመለሰችም።

የዓመቱ ማብቂያ ፈተና የሚሰጠው በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነው። ተማሪው ሕመምተኛውን ያነጋግራል፣ ይመረምራል፣ ከዚያ ያገኘውንና ሊያደርግ ያሰበውን ለፈታኟ ይናገራል። ፈታኟ ሲስቁ ታይተው የማያውቁ ሐኪም ናቸው። ለባሌ ሳል የያዛት አንዲት ሴት ደረሰችው፤ ጠየቀ፣ አዳመጠ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። እሳቸውም ጥሩ ነው፣ አሁን ምን ያደርጋሉ አሉት። ባሌ ብድግ አለ። ወንበሩን በመዳፉ ጠረገና ወደ እሳቸው አስጠጋ፣ ካርዱን በሁለት እጁ አቀረበላቸው፣ ከዚያም "እንግዲህ ሐኪሙ ይወስን" አለ።

የሚቀልድ መስሏቸው ደግመው ጠየቁት። እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጣቸው።

ወደቀ። ፈታኟ ውጤቱ ላይ "ሕመምተኛዋ በሚገባ ተመርምራለች፤ ሐኪም ግን አልነበረም" ብለው ጻፉ። ከአንድ ወር በኋላ ድጋሚ ይፈተናል፤ ያን ከወደቀ ይሰናበታል። ቅስሙ ተሰበረ። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጦ ቁልፍ በየቀለሙ ይለይልኝ ጀመር፤ ትንሽ ቆየና በመጠን ይሻላል ወይስ በቀለም ብሎ ጠየቀኝ። በመጠን አልኩት። ልጃችን መጽሐፏን ዘጋችና ትክ ብላ አየችኝ።

"እማዬ፣ የዚህ ቤት ሐኪም እኮ አንቺ ነሽ" አለችኝ። "የሚለብሰውን አንቺ፣ የሚበላውን አንቺ፣ ፀጉሩን የሚቆረጥበትን ቀን አንቺ። ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳትወስኚለት።"

ደሜ ፈላ። እኔ ባልወስን ይህ ቤት እስካሁን ጣሪያ ይኖረው ነበር? ግን ሰውየው እጁ ላይ ቁልፍ ይዞ እንዲያ ሆኖ ሳየው አንጀቴን በላኝና እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያየነው መከራ አይወራም። ጠዋት ቁም ሣጥኑ ፊት ለረጅም ጊዜ ይቆምና በዝናብ ቀን ስስ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣል። ለማእድ ቤቱ ቀለም ይገዛል ሲባል ማማረጥ አቅቶት ሁለት ዓይነት ይዞ መጣና ግድግዳውን እኩል ለእኩል አካፈላቸው። በኋላ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ራሴ እጠግናለሁ ብሎ ፈታታው። ውኃው ከማእድ ቤት ወጥቶ ጨርቆቼ ጋ ሲደርስ መፍቻውን ይዞ ወደ እኔ ሮጠ።

"ምን ላድርግ?"

"እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ" አልኩት፣ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ።

ውኃውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ወደ ግቢ ወጥቶ ዋናውን የውኃ መዝጊያ ዘጋ፣ ስልክ አንሥቶም ቧንቧ ሠሪ ጠራ። አንድ ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ተበላሸብኝ፤ እኔ ግን ያን ቀን እያንጎራጎርኩ ስሰፋ ዋልኩ።

የድጋሚው ፈተና ቀን ልጃችን በዚያው ክፍል ተረኛ ነበረች። ከመጋረጃው ወዲያ ለሌላ ሕመምተኛ ግሉኮስ የምታስተካክል መስላ ቆመች። ግሉኮስ እንደዚያ ተስተካክሎ አያውቅም። የሆነውን ሁሉ የሰማሁት ከእሷ ነው።

ለባሌ የደረሰው በሳንባ ምች የተኛ የታክሲ ሹፌር ነበር። ትኩሳቱ ጠዋት ለቆታል፣ ጫማውን አጥልቆ ጨርሷል፣ መኪናው ቆሞበታል። ባሌን ገና ሲያየው ሽበቱን አይቶ ትልቁ ሐኪም አደረገውና አስወጣኝ እያለ ይለማመጠው ጀመር። ባሌ መረመረው። ከዚያ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ደርሰህ ና አለው። ሹፌሩ ደረቱን ነፍቶ ሄደ፤ ሲመለስ ግን "አየህ፣ ድኛለሁ" የምትለዋን አጭር ነገር በአንድ ትንፋሽ ሊጨርሳት አልቻለም።

ፈታኟ ምን ያደርጋሉ አሉ። ልጃችን ከመጋረጃው ወዲያ ዓይኗን ጨፈነች። ባሌ ላብ አጠመቀው፤ ወንበሩንም አየው አለችኝ። ግን አልነካውም።

"ዛሬ አይወጣም" አለ።

"እኔ ብሆን አስወጣዋለሁ" አሉ ፈታኟ። "ትኩሳት የለውም፣ አልጋም ጠቦናል።"

"እኔ አላስወጣውም። ትንፋሹ ያጥረዋል።"

"ቢሳሳቱስ?"

ባሌ ሹፌሩን ዞሮ አየው። ከዚያ "የተሳሳትኩት እኔ ነኛ" አለ።

ፈታኟ ካርዱን ተቀብለው ይቆይ ብለው ፈረሙ። ሹፌሩ ግን ተቆጣ። ባለቤቱ ልትወልድ የቀራት ጥቂት ቀን መሆኑን፣ ቤት ውስጥ የሚረዳት አንድ ሰው እንደሌለ ነገረው፤ "ሽማግሌ ነው ብዬ ባምንህ አሰርከኝ" ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ቀን ላይ አባትና ልጅ ቤት ገቡ። ልጃችን ከበሩ ጀምሮ አለፈ፣ አለፈ እያለች ነበር። መቀሱን ጥዬ አቀፍኩት፤ እሱ ግን እንደ ግንድ ደርቆ ቆመ። ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ውኃ ጠየቀ፣ ብሰጠውም አልጠጣውም። ምነው፣ ምን ሆንክ አልኩት።

"ይህን ሁሉ ዓመት ስህተት ሲገኝ የሐኪሙ ነበር" አለኝ። "እኔ ቤቴ ገብቼ ለጥ ብዬ ነው የምተኛው። ያ ሰውዬ አሁን ሚስቱን እያሰበ ነው፤ ያስቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ትክክል ይመስለኛል። ግን ይመስለኛል ነው እንጂ አላውቅም።"

ፈራሁለት፣ ኮራሁበትም።

ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣና ጋዋኑን ከመስቀያው አወረደ። ምሳ ቀርቧል፣ ፈተናው አልቋል፣ የሚጠብቀው ሰው የለም።

"ወዴት ነው? ማን ጠርቶህ ነው?" አልኩት።

"ሰውየውን ላየው ነው። ማንም አልጠራኝም" አለና ወጣ።

ልጃችን ልትከተለው ብድግ ስትል እጇን ይዤ አስቀመጥኳት።