ቀጭን ሙጫ

ገና ሲቃረብ ከፖስታ ቤታችን ረጅም ጠረጴዛ ጥግ የማይጠፉ አንዲት እናት አሉ። ቴምብር ከምሸጥበት መስኮት ሆኜ አያቸዋለሁ። የካፖርታቸው የላይኛው ቁልፍ የለም፤ በእጃቸው የሚሠሩት የገና ካርድ ላይ ተለጥፏል። አበባ ያለበትን ወረቀት በጥፍራቸው ያጥፋሉ፣ ዙሪያውን ዳንቴል ያስይዛሉ፣ መሃሉ ላይ ወርቃማ ኮከብ ይለጥፋሉ። ሙጫውን በውሃ ያቀጥኑታል፤ ለቁጠባ ይመስለኝ ነበር።

ካርዱ ያምራል። ያየ ሁሉ፣ «እማማ፣ ስንት ነው?» ይላቸዋል።

«አይሸጥም። የልጄ ነው።»

ጨርሰው ግን አይልኩትም። አምና አላስችል ብሎኝ፣ «አድራሻውስ?» አልኳቸው።

«ሲደላደል ይልክልኛል» አሉና ካርዱን በመሐረብ ጠቅልለው ወጡ።

ዘንድሮም መጡ። ወረቀቱ አዲስ ነው፤ ቁልፉና ዳንቴሉ ግን የአምናዎቹ ናቸው። ኮከቡም ያው ነው፤ አንድ ጫፉ ተቦጭቋል። አንጀቴን በሉት። ከመሳቢያዬ የጫማ ሙጫ አውጥቼ ወሰድኩላቸው።

«ይሄ አንዴ ከያዘ አይለቅም፣ እማማ።»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ተወው የኔ ልጅ፤ ለከርሞ ስልጠው ኮከቡን ይጨርስብኛል።»