ከጋሻው ሥር የወጡ እግሮች

የሙዚየሙ ጽዳት ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ባልዲዋን ኳ አድርጋ የምታስቀምጠው ከጥንት መቃብር ላይ ተነቅላ በመጣችው የድንጋይ ምስል ፊት ነው። «እንዴት አደርሽ፣ እቴ?» ትላትና መወልወሏን ትጀምራለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ሽርጥ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ የግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዘመም ይላል፤ ስትስቅ አፏን በክንዷ ትጋርዳለች።

የምስሏ መግለጫ «ጋሻ ያነገበ ጦረኛ» ይል ነበር። ሴትየዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን እያነበበች፣ ማን ይሰማኛል ብላ በሆዷ ይዛው ኖረች። ባለፈው ሳምንት ግን አላስቻላትም፤ የቅርስ ባለሙያው ሲያልፍ ምስሏ ፊት አስቆመችው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ጋሻ አይደለም፤ ማዘያ ነው። ቋጠሮው ደረቷ ላይ አይታይዎትም? እኔ አምስት ልጅ አዝያለሁ፤ ካላመኑኝ ትከሻዬን ይጠይቁት።»

«ከሥሩ የወጡት ሁለቱ ጉጦችስ?» አለ ባለሙያው። «የጋሻ ጌጥ ብለናቸዋል እኮ።»

«የልጁ እግሮች ናቸዋ።»

ሰውየው ከነሱፉ እርጥቡ ወለል ላይ ተንበረከከ። ጉጦቹን በጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ቆየና ሳቁ አመለጠው። «ጉድ ሠራሽን፣ እናቴ» አለ።

ዛሬ አዲሱ መግለጫ ተለጥፏል፤ «ልጅ ያዘለች ሴት» ይላል። ሴትየዋ ሁለቴ አነበበችውና ወደ ምስሏ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አሁን ገባኝ፣ እቴ። ይህን ያህል ዘመን ጦረኛ ሲሉሽ ዝም ያልሽው ልጁ እንዳይነቃብሽ ነው።»

ከዚያ ባልዲዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ኳ ሳታደርግ፣ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።