የሚበላ ሚዛን

ሰይዳ ግንባሯን መሬት አስነክታ ከሰገደች ስድስት ዓመት አለፋት። ጉልበቷ አልሸከምሽም ስላላት ወንበር ላይ ሆና ነው የምትሰግደው። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ክብደቷ እንዲቀንስ ከጨጓራዋ አብዛኛውን ቆርጦ ሊያወጣላት፣ የቀረውንም እንደ ሙዝ አቅጥኖ ሊሰፋላት ቀጠሮ ሰጣት።

«ግን ጉበትዎ በስብ አብጦ ጨጓራዎን ሸፍኖታል» አላት። «በጠባብ ቀዳዳ ገብቼ ልሠራ አልችልም። በቀጠሮዎ ቀን ከመቶ አርባ ኪሎ በታች ሆነው ይምጡ።»

ጋምቤላ ተመልሳ በሾርባና በእርጎ ከረመች። ባሏ አብዱልከሪም ከልጆቹ ጋር የባሮ ዓሣ ጥብስ ሲበላ፣ እሷ ጓሮ ወጥታ ትቀመጣለች፤ ሽታው ግን ተከትሏት ይወጣል። ለቀጠሮዋ ሦስት ሳምንት ሲቀር ልትመዘን ፈለገች። የጤና ጣቢያው ሚዛን መቶ ሃያ ላይ ስለሚያበቃ፣ ሱቃቸው በር ላይ ባለው የበቆሎ መግዣ ሚዛን ላይ ወጣች።

አቻን የምትባል አኙዋክ ገበሬ በቆሎዋን ይዛ ተራ ትጠብቅ ነበር። በመጣች ቁጥር፣ «ሰይዳ፣ ሚዛን የአንቺ ይበላል! ቤት ሃምሳ ነበረ» ትላለች። ሰይዳም በባሏ ሐቀኝነት ምላ ታሳፍራታለች።

«መቶ ሠላሳ ዘጠኝ» አለ አብዱልከሪም፣ አንገቱን እንደደፋ።

ሰይዳ እልል አለች። አቻንም አብራት እልል አለች። ከዚያ ወዲያ ሰይዳ ጾሟን አላላች፤ እንዳትጨምር ብቻ ተጠነቀቀች።

በቀጠሮዋ ቀን የሆስፒታሉ ሚዛን መቶ አርባ ስምንት አለ። ሐኪሙ ጉበቷን በአልትራሳውንድ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቀጣዩ ወረፋ ከስምንት ወር በኋላ ነው። ሰይዳ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለች።

«አብዱልከሪም፣ ሚዛናችን ከሃምሳ ስንት ይበላል?»

«ሦስት» አለ።

«ስወጣበት ታውቅ ነበር?»

«አቻን ቆማ ምን ልበል?»

«እሷ ከሄደችስ በኋላ? ሦስት ሳምንት ነበረኝ እኮ! ውኃ ብቻ እየጠጣሁ እጨርሰው ነበር!»

«ደስ ብሎሽ ነበር» አለ።

ጋምቤላ ሱቃቸው በር ስትደርስ፣ አቻን ጆንያዋን ሚዛኑ ላይ አውጥታ አብዱልከሪም ሲመዝንላት አገኘች።

«ሰይዳ! ቆረጡሽ?»

«አልቆረጡኝም። ሚዛኑ በላኝ። ዘጠኝ ኪሎ።»

አብዱልከሪም ጉሮሮውን ጠረገ። አቻን ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ የሰይዳን ፊት አየች፤ ባሏንም አየች፤ ሳቋ ጠፋ። ጎንበስ ብላ ጆንያዋን ከሚዛኑ ላይ ታወርድ ጀመር። ሰይዳ ልታግዛት እጇን ዘረጋች፤ ጉልበቷ ግን አልታጠፍ አላት።