የዋልታው በረዶና የአባቴ ገብስ

እኔ ፈሪ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ በየዓመቱ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ገጹን መግለጥ እፈራለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ዋልታ እኮ ሩቅ ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔን ግን ስልኬ ላይ ያየሁት ቪዲዮ አልለቀኝም፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚገዝፍ የበረዶ ግድግዳ ከሥሩ ተገምሶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ።

ነገሩን በቀላሉ ነው የማስረዳቸው። በምድር ጫፍና ጫፍ ያለው በረዶ ነጭ ስለሆነ የፀሐይን ሙቀት ወደ ሰማይ ይመልሳል። ሲቀልጥ ከሥሩ ጥቁር ባሕር ይገለጣል፣ ጥቁር ደግሞ ሙቀት ይጠጣል። በበጋ ጥቁር ካፖርት ለብሶ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል። የሞቀው ባሕር የተረፈውን በረዶ ያቀልጣል። የብስ ላይ የተከመረው በረዶም ቀልጦ ሲወርድ ባሕሩ ሞልቶ የዳር ከተሞችን ይበላል። የምድር ሙቀት ሚዛኑን ሲስት ነፋሱና ዝናቡም ልማዳቸውን ይስታሉ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይህ ነው። የአባቴን ገብስ የመታው ዝናብ ከዚያ በረዶ መቅለጥ የመጣ ነው ብዬ አልምልም፤ ያን ያህል አላውቅም። ሁለቱን ያመጣቸው አንድ ትኩሳት እንዳይሆን ግን እፈራለሁ።

የአባቴ መንደር ከከተማው ወደ ታች ወረድ ብሎ ነው። እዚያ በትልልቅ በዓላት ሞፈር አይነሣም፣ ማጭድም አይያዝም። በዓል የሻረ ሰው ካለ በረዶ ይወርዳል ይባላል። የሚወርደው ደግሞ በአጥፊው ማሳ ላይ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቶቹም ላይ ነው። ስለዚህ በዓል መሻር በእኛ አገር የግል ኃጢአት አይደለም።

ካቻምና ገብሱ ደርሶ ሳለ ወቅቱ ያልሆነ ዝናብ ጀመረ። የደረሰ ገብስ ዝናብ ሲደጋግመው እዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ ከዚያ በኋላ ለምንም አይሆንም። አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፣ የዓመት ቀለባቸውም ያቺ ማሳ ናት። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ማጭዳቸውን ይዘው ወጥተው እኩሌታውን አጨዱ። ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። የጎረቤቶቻችንን ስንዴ ከአፈር ቀላቀለው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እሑድ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ ከፊታቸው ድንጋይ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። ስንዴው ያለቀበት አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ፣

«ይህ ሰው ከእድር ይውጣ» አለ። «እሳት አይጫርለት፣ ደቦ አይገባለት፣ ሲሞትም ቀባሪ አይውጣለት። በደረቅ ጦስ እርጥቡ ነደደ እኮ።»

አባቴ ያለ ደቦ አርሰው ማጨድ አይችሉም፤ ያለ ጎረቤትም አንድ ክረምት አይወጡም። ከሽማግሌዎቹ መሐል የተቀመጡትን የንስሐ አባታችንን «አባቴ፣ ይፍቱኝ፣ አንድ ነገር ልናገር» አልኳቸውና ስለ ዋልታው በረዶ እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ማንም አላቋረጠኝም።

«ልጄ፣ እናምንሻለን» አለኝ ያው ሽማግሌ። «ሙቀቱን ያመጣው ሰው ነው ነው የምትይን?»

«አዎ፣ አብዛኛው ከሩቅ አገር ፋብሪካና መኪና ጭስ ነው።»

«እኛስ ምን አልን? አንዱ ያጠፋል፣ አገር ይቀጣል። እነዚያን ከየትኛው እድር እናውጣቸው? እኛ የምናገኘው አባትሽን ነው።»

አባቴ ድንጋዩን ተደግፈው ተነሡና «ያጠፋሁ እኔ ነኝ። ማሩኝ። የታዘዝኩትን ንስሐ እቀበላለሁ፣ ዳግመኛም በዓል አልሽርም» አሉ። የንስሐ አባታችን ጾምና ስግደት አዘዙላቸው፣ ከእድር የማስወጣቱም ነገር ቀረ።

ወደ ቤት ስንሄድ ተናደድኩባቸው። «አባባ፣ ማጭድ በረዶ አያመጣም። ያላደረጉትን ለምን ይቀበላሉ?»

«አንች ልጅ፣ ቀስ በይ» አሉኝ። «የእኔ ጥፋት ከሆነ ንስሐ አለው። ስገድ ይሉኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ያልቃል። አንች እንደምትዪው ከሆነ ግን ማን እግር ላይ ወድቄ ልለምን?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እሳቸው የሚማጸኑት አላቸው። እኔ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማወራው ነገር ንስሐው የት እንዳለ አላውቅም።

አምና ደግሞ ዝናቡ ለኅዳር ጽዮን መጣ። በዓሉን ላከብር ወርጄ ነበር። ከቅዳሴ ስንመለስ ደመናው ከተራራው ወዲህ ተንከባሎ እየጠቆረ ነው፤ ገብሱ ዛላውን ደፍቶ ማጭድ ይጠብቃል። አባቴ ማሳው ዳር ሄደው ተቀመጡ። ጎረቤቶቹም እያንዳንዳቸው በየማሳቸው ዳር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የሚያጭድ የለም።

«አባባ፣ ይህ ከሄደ እኮ የሚበሉት የለዎትም» አልኳቸው። «እኔ ልጨደው። ጥፋቱ የእኔ ይሁን።»

«ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ፣ ዞር ብለው ሳያዩኝ።

ከቤት ማጭድ አምጥቼ ማሳው ውስጥ ገባሁ። አንድ ጭብጥ ገብስ ያዝኩና ቀና ስል ሰዎቹ ሁሉ ቆመዋል። አንዳቸውም አልተቆጡኝም። ከማዶ የአንዲት ባልቴት ስንዴ ይታየኛል፤ እሷም ማሳዋ ዳር ቆማ እጄን ታያለች። ያን ጊዜ «ቢወርድስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ዲግሪ አለኝ፣ በረዶ ከምን እንደሚሠራ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምራለሁ፤ ግን በእኔ ጦስ የዚያች ሴት ስንዴ ቢረግፍስ?

ገብሱን ሳልቆርጠው ለቀቅኩት። ዝናቡ ሲጀምር አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን የዓመት ቀለባቸው ሲተኛ አየን።