ጥግ የሌለው የንባብ ክፍል

አክስቴ የከተማችንን አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ሃያ ስድስት ዓመት ወለወለች። ሕንፃው ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ከሆነ በኋላም ከአፏ አልጠፋም። ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ የትኛው መስኮት ሲከፈት ሲጢጥ እንደሚል እኛ ቤት የማያውቅ የለም።

ባለፈው ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ የሕንፃውን ታሪክ የሚያጠና አርክቴክት ቀጠረ። ፕላኑ ጠፍቷል፤ የተገኘው የፊት ለፊቱ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። አክስቴ ይህን ስትሰማ ጫማዋን እያጠለቀች «ተነሽ፣ ውሰጂኝ» አለችኝ።

አርክቴክቱ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና የሠራውን ንድፍ ዘረጋላት። ትልቁን የንባብ ክፍል አራት ማዕዘን አድርጎ ስሎታል።

«ልጄ፣ ይሄ ልክ አይደለም። የኋላው ግድግዳ ግማሽ ክብ ነው።»

«እማማ፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ግድግዳ እዚህ ከተማ የሠራ የለም። ረስተውት ይሆናል።»

«ምን ነካህ? አቧራ የሚሸሸገው ጥግ ውስጥ ነው። እዚያ ጥግ የሚባል ነገር ስለሌለ መወልወያዬን ሳላነሳ ነበር ከዳር ዳር የምዞረው!»

ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ አንጨረጨረችኝ። ቤት ስንደርስ አክስቴ ጫማዋን አወለቀች። «ታዲያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ሳይ ኖርኩ?» አለችኝ በኋላ። አንጀቴን በላችው።

እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። አርክቴክቱን በስልክ ነዘነዝኩት፤ በሦስተኛው ሳምንት የሕንፃውን መሠረት ለማየት ሁለት ቆፋሪዎች ይዞ መጣ፤ እኔም አክስቴን ይዤ ደረስኩ። አስፋልቱ ተነሳ፣ አፈሩ ወጣ፣ የመሠረቱ ድንጋይ ታየ። ቀጥ ብሎ ሄደ። አሁንም ቀጥ ብሎ ሄደ። ተስፋ ልቆርጥ ስል ታጠፈ፤ ያውም ማዕዘን ሳይሠራ፣ ለስለስ ብሎ፣ ልክ እንደ ድስት ከንፈር! እልል አልኩ! አንደኛው ቆፋሪ አካፋውን ጥሎ አጨበጨበ።

አርክቴክቱ ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክኮ ድንጋዩን ዳበሰው። ሲወጣ ሱሪው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የቀረውንም ያሳዩኝ» አለና ደብተሩን አወጣ።

አክስቴ ባዶው አስፋልት ላይ ፈጠን ፈጠን እያለች መራችን። «በሩ ይሄ ነው» ብላ ገባች። አርክቴክቱ እየጻፈ በአቋራጭ ሊከተላት ሲል እጇን ዘረጋች።

«በዚያ አይደለም ልጄ፣ ግድግዳ ነው።»

ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰና ዞሮ በበሩ ገባ። ቆፋሪዎቹም፣ እኔም ተራችንን ጠብቀን በበሩ ገባን።