አባቴ የተወነበት የፖሊስ ፊልም

ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት ላይ ያደግሁ የሸማኔ ልጅ ነኝ። ብዙ መጥፎ ፊልም አይቻለሁ፤ አንዱንም ግን ጠልቼው አላውቅም። ሰው አቅሙ የፈቀደለትን ይሠራል፤ ምን ይደረግ። እኛ ቤት የተቀረጸውን የፖሊስ ፊልም ግን ዛሬም ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። ስሙን መጻፍ እንኳ ተጸይፌያለሁ።

ፊልም ሠሪዎቹ ቤታችንን የመረጡት ለጉድጓዱ ሲሉ ነው። ሸማኔ የሚሠራው መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ እየረገጠ ነው። የእኛ ጉድጓድ ከበሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ለካሜራ ይመቻል አሉ። በድርሰቱ ላይ ሌቦች የሰረቁትን ወርቅ በሸማኔ ጉድጓድ ይደብቃሉ፤ ፖሊስ ይደርስበትና ቤቱን ይፈትሻል፤ ሸማኔው ከደሙ ንጹሕ ነው። ዳይሬክተሩ ሸማኔ ሆኖ የሚተውን ሰው ይዞ አልመጣም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየውና «አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ቢሠሩትስ?» አለው።

አባቴ ከጋሞ ተራሮች የመጣው ጎረምሳ ሳለ ነው። አማርኛን የተማረው እዚሁ ሽሮ ሜዳ ከገበያተኛ ጋር ሲከራከር ነው። ቃሉን መርጦ፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። ንግግሩ የትውልድ አገሩ ዜማ አለው፤ ያ ዜማ ግን ማንንም አስቆ አያውቅም። በዕድራችን ሰው ሲጣላ የሚጠራው እሱ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ሱቃችን ውስጥ አብሬው ስሸጥ ደግሞ፣ አንዷ ገዢ ነጠላ አይታ ልትወጣ ስትል ስለ ጥለቱ እያጫወተ ሲመልሳት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መልኩ ደህና ነው፣ ቁመቱ ግን አጭር ነው፤ ሀብትም የለውም። የሚኮራው በአንደበቱ ነበር።

የተሰጠችው ንግግር አጭር ናት። «ጌታዬ፣ በዚህ ቤት ከድርና ከማግ በቀር የተደበቀ ነገር የለም። ካላመኑኝ ይፈትሹ።» በቃ፣ ይችው ናት። አባቴ ግን እሷኑ ሲያጠና ሰነበተ። መወርወሪያውን በወረወረ ቁጥር «ጌታዬ» ይላል። እናቴ በመጨረሻ «ጌታዬን ተወውና ምሳህን ብላ!» ብላ ጮኸችበት።

የቀረጻው ቀን መርማሪ ሆኖ የሚሠራው ሰውዬ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አላወለቀም። ሽጉጡ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ጥቁር ቀለም ቀብተውታል። የደንብ ልብስ ስላልበቃቸው አንዱ ፖሊስ ገብቶ ሲፈትሽ ሌላው በካናቴራ ደጅ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ይህ ሁሉ አሳቀኝ እንጂ አላስቀየመኝም። አባቴ ተራው ሲደርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ተናገረ። እንዴት እንዳማረበት! መርማሪው ራሱ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየው። ዳይሬክተሩ ካሜራውን ሌላ ቦታ አስተክሎ አስደገመው፤ እንደገናም አስደገመው። አባቴ ደግሞ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አያውቅም፤ እነሱ ካሜራቸውን ሲያዞሩ እሱ የጀመረውን ጋቢ ይሸምናል። ተው ያለው አልነበረም።

ወራት ካለፉ በኋላ ፊልሙ ሲኒማ ቤት የሚቀበለው አጥቶ በቀጥታ በሲዲ ወጣ። አባቴ ከታክሲ ተራው አጠገብ ካለው ሲዲ ቤት ገዝቶት መጣ። ሽፋኑ ላይ ሄሊኮፕተርና የሚነድ ፎቅ አለበት። ፊልሙ ውስጥ ሄሊኮፕተር ቀርቶ ብስክሌት የለም። አባቴ ግን አልታየውም፤ እሁድ ከቸርች መልስ ጎረቤቱንና የዕድሩን ሰዎች ጠራ። አግዳሚ ተውሰን ደረደርን። እሱ ራሱ የሸመነውን ጋቢ ለብሶ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠ።

ከመጀመሪያው ምስል ጀምሮ ዓይኔን ቆረቆረኝ። ሰው ሁሉ በቁመቱ ተስቦ ቀጥኗል፤ መርማሪው ሸንበቆ አክሏል። ቀኑ አረንጓዴ ነው፣ ማታው ድፍን ጥቁር ነው፤ ጨለማው ውስጥ ማን ማንን እንደሚመታ የምናውቀው በጥፊ ድምፅ ብቻ ነው፤ ጥፊውም የሚሰማው ሰውዬው ከወደቀ በኋላ ነው። ቀጨኔ ቁልቁለት ላይ ሌባ ሲያባርሩ እዚያው ሸክላ ሻጭ ፊት እየተመላለሱ ያልፋሉ፤ ሴትዮዋ በመጨረሻ ሰልችቷት ፊቷን አዞረች። ከታች በኩል የአከፋፋዩ ስልክ ቁጥር ያለማቋረጥ ይሮጣል። ከላይ ደግሞ «ይህን ፊልም ማባዛት በሕግ ያስቀጣል» የሚል ጽሑፍ ተጋድሟል። ማን ነው ይህን ቆሻሻ የሚያባዛው? ሁለተኛው ሲዲ ሲገባ ንግግሩ ከመሀል ተቆርጦ ጀመረ።

አባቴ ብቅ አለ። «ማባዛት» የሚለው ቃል ግንባሩ ላይ አርፏል። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። መርማሪው ሲጠይቀው እየሸመነው ያለው ጋቢ ስንዝር ያህል ነበር፤ አባቴ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ክንድ አልፏል። እዚህ ላይ እኛም እሱም ሳቅን። የደግ ሳቅ ነበር።

ከዚያ ድምፁ መጣ። የአባቴ አይደለም። ቀጭን፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ የሚንጫጫ የሌላ ሰው ድምፅ ነው። «አንቺ ፖሊስ፣ እኔ ሸማኔ ናት፣ ምንም አታውቅም» ይላል፤ አባቴ ከንፈሩን ዘግቶ እንኳ ድምፁ «ወይኔ ጉዴ፣ ወይኔ ጉዴ» ይላል። ደቡብ ተወልዶ አዲስ አበባ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ፌዝ ናት፤ ሚኒባስ ላይ የምንሰማት፣ ትምህርት ቤት የምናለቅስባት። እሷን ወስደው በአባቴ ፊት ላይ ለጠፏት።

አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሌላው። ክፋት አልነበራቸውም፤ ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባቴ ወደ ሰዉ ዞሮ «አቤት፣ ጉድ አደረጉኝ እኮ!» ብሎ ፈገግ አለ፣ እንግዶቹ እንዳይጨነቁ። ተነሥቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

በሳምንቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው የላብ ሽታ ያለው ጠባብ ክፍል ነው።

«የአባቴን ድምፅ የት አደረሳችሁት?» አልኩት።

«እ... ማለቴ፣ የሰፈራችሁ የሽመና ኳኳታ ገብቶበት ተበላሸብን። ስቱዲዮ ሌላ ሰው አስገባን።»

«አባቴ የተናገረውን ለምን አይናገርም ታዲያ?»

«ፊልሙ ውጥረት በዛበት እህቴ። ሰው ትንሽ ዘና ይበል ብለን ነው። ደግሞ አባትሽ ኮከብ ሆኑ እኮ! ሕዝቡ ከሁሉም የወደደው የሳቸውን ነው።»

ይህን ሲል ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉር ነበር። አፍሮ ቢሆን፣ ቢዋሽ፣ ቢቆጣ እንኳ ይሻለኝ ነበር። ሰውዬው ያዋረደን አልመሰለውም፤ ውለታ የዋለልን ነው የመሰለው። ምራቄን ውጬ ወጣሁ። ዛሬ ቢሆን እተፋበት ነበር።

ሽሮ ሜዳ ላይ ያቺን ንግግር የማያውቅ ጠፋ። የታክሲ ረዳቶች አባቴን ሲያዩ «ወይኔ ጉዴ!» ይላሉ፤ በፍቅር ነው የሚሉት፣ ያ ነው የከፋው። ገበያተኛ ሱቅ ገብቶ «ያ የፊልሙ ሰውዬ አይደሉ? እስቲ ይናገሯት» ይላል። አባቴ መጀመሪያ ፈገግ ይል ነበር። ቀስ በቀስ ገዢ ሲገባ ነጠላውን ዘርግቶ ወደ እኔ ማየት ጀመረ። ስለ ጥለቱ እኔ አስረዳለሁ። በዕድር ስብሰባ ከኋላ መቀመጥ አመጣ። እናቴን «ምን ሆኖ ነው?» ስላት «ተይው፤ ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። ያን ጊዜ ተረቱንም ጠላሁት። ቤት ውስጥ ግን በጋሞኛ እንደ ወትሮው ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ይቆጣል። ዝም ያለው በአማርኛ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት እኔን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች መጡ። ባለቤቴ የሚሆነው ልጅ የከተማ ልጅ ነው፤ ሽማግሌዎቹም አንደበተ ርቱዕ ናቸው። ቆመው ጉዳያቸውን አቀረቡ፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። እንደ ወጉ መልስ የሚሰጠው የልጅቷ አባት ነው። ለካ አባቴ ጎረቤታችንን፣ የዕድራችንን ጸሐፊ፣ በእሱ ፈንታ እንዲናገር አስቀድሞ ለምኖት ኖሯል። ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከለት። ጎረቤታችን ጉሮሮውን ጠረገና «ልጃችንን በደስታ ሰጥተናችኋል» አለ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። የልጅቷ አባት እሱ መስሏቸው እጅ የነሡት ለጎረቤታችን ነው።